ዘይት ያልቀመሰ ብስክሌት

ካለፈው ሳምንት ጀምራችሁ አብራችሁኝ ላላችሁ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዛሬ ለምትቀላቀሉኝ ደግሞ ባጭሩ ልንገራችሁና አብረን እንሂድ። እኔ ሯጭ ነኝ። ባሌ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ልጃችን ገና ትራስ ተደግፋ መቀመጥ የጀመረች፣ አንድም ጥርስ የሌላት ሴትዮ ናት። እቤት ውስጥ «ዳኛዋ» ነው የምንላት። መቼ እንደምንተኛ፣ መቼ እንደምንበላ፣ መቼ እንደምንስቅ የምትወስነው እሷ ናት። ይግባኝ የለም።

የራሴን ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ንዴቴ ከእግሬ ይፈጥናል። አሰልጣኜም፣ ባሌም፣ ጎረቤቶቼም ያውቁታል። ዛሬ የማወራችሁም ንዴቴ ቀድሞኝ ሄዶ እኔ ከኋላው ሳለከልክ የደረስኩበትን ውድድር ነው።

ወልጄ ወደ ክለቤ ስመለስ አሰልጣኛችን እንደ ልማዱ አጭር ነገር ነው የነገረኝ። ይሄ ሰውዬ ቃል በኪሎ የሚገዛ ይመስል ቆጥቦ ነው የሚያወራው። «በወሩ መጨረሻ እሁድ የከተማው አስር ኪሎ ሜትር አለ። ከሴቶቻችን ቀድመው የገቡት አምስቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይያዛሉ። ከአምስቱ ከሆንሽ፣ አለሽ። ካልሆንሽ ልጅሽን በደንብ አሳድጊ።»

ክፋት የለውም፤ አነጋገሩ ነው እንዲህ። እኔ ግን ያቺን «ልጅሽን በደንብ አሳድጊ» የምትለዋን ይዤ እቤት ገባሁና ለባሌ እየደጋገምኩ ሳወራለት ዋልኩ። ልጅ ማሳደግና መሮጥ አንድ በር ላይ የተገናኙ ሁለት ወፍራም ሰዎች ናቸው እንዴ፣ አንዱ ካልወጣ ሌላው የማይገባው? ባሌ የዳኛዋን ሆድ እየኮረኮረ «እኔ በሩን አሰፋዋለሁ፣ አንቺ ሩጪ» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ለዚህም ነው ኋላ የሆነው ነገር ያንገበገበኝ።

እስቲ ጠዋቴን ላሳያችሁ። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ዳኛዋን አጠባለሁ። የቀረውን ወተት በፓምፕ ስቤ ጡጦ ሞልቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጫማዬን አስሬ እወጣለሁ። ልምምዱ መሃል የማንም ልጅ ያልቅስ፣ የዳቦ ቤቷ ልጅ ትሁን፣ የአላፊ አግዳሚ ልጅ ይሁን፣ የኔ ጡት አይለይም፤ ማሊያዬ ይርሳል። መጀመሪያ ቀን አሰልጣኙ አይቶኝ «ውሃውን ደረትሽ ላይ አትድፊው፣ ጠጪው» አለኝ። ረጅሟ የምንላት የክለብ ጓደኛዬ በሳቅ መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ጆሮው ቀልቶ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተና ፊቱን አዞረ።

እኔ ልምምድ ላይ ስሆን ዳኛዋ ከአባቷ ጋር ናት። በጋሪ እየገፋ ጠጋኝ ቤቱ ይወስዳታል፣ ለምሳ ይዟት ይመጣል። እኔ የማውቀው እንደዛ ነበር።

ከባሌ ጋር እንዴት እንደተገናኘን የድሮ አንባቢዎቼ ሰልችቷችኋል መሰለኝ። እኔ ግን አይሰለቸኝም። ጠጋኝ ቤቱ ልምምድ የምሠራበት መንገድ ዳር ነበር። ባለፍኩ ቁጥር የያዘውን ጎማ ይዞ ቀና ይላል። አንድ ቀን ብስክሌቱን እየነዳ ከጎኔ መጣና «ውሃሽን ልያዝልሽ?» አለኝ።

«እጅ አለኝ» አልኩት።

«እጅማ አለሽ። ግን ስትሮጪ ታወዛውዣቸዋለሽ፤ ግማሹ ውሃ ይደፋል።»

ከዛ ቀን ጀምሮ ውሃዬን ይዞ ከጎኔ ይነዳ ነበር። የሰውን ሁሉ ብስክሌት የሚጠግን ሰው የራሱ ብስክሌት ግን ሲጥ ሲጥ ይላል። ሰንሰለቱ ዘይት ቀምሶ አያውቅም። «ኧረ ይሄን ነገር ዘይት ቅባው፣ ጆሮዬን በላኝ» ስለው «ነገ» ይላል። ተጋባን፣ አረገዝኩ፣ ወለድኩ። እስካሁን ነገ ነው።

በመሃላችን የቆሙት እናቱ ነበሩ። አማቴ ከተማው መሃል ትልቅ የጨርቅ መደብር አላቸው፤ ሐር በሉት፣ ሱፍ በሉት፣ የመጋረጃ ጨርቅ በሉት፣ ከእሳቸው ዘንድ የማይገኝ የለም። አንድ ልጃቸው መደብሩን ይረከበኛል ብለው ሲጠብቁ፣ እሱ ጨርቅ ማጠፍ ጠልቶ ሄዶ ብስክሌት ጠጋኝ ሆነ። ባሌ ዛሬም አጥፎ የሚያስቀምጠው ነገር የለም፤ ሸሚዙን ይጠቀልላል፣ ፎጣውን ይወረውራል። ይሄ ሳያንስ ደግሞ የልብስ አጣቢ ልጅ፣ ያውም ሯጭ፣ ላግባ ብሎ መጣ።

ከሰርጉ በፊት ልተዋወቃቸው መደብራቸው ሄጄ ነበር። «ትንሽ ቆዪ» አሉኝ። ያቺ «ትንሽ» ደንበኛው ሁሉ ተስተናግዶ እስኪያልቅ ድረስ ሆነች። ጥግ ላይ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሌላ የማየው ስላልነበረኝ ጨርቅ ሲያጥፉ አየሁ። እንደ እሳቸው የሚያጥፍ የለም፤ ሠራተኞቻቸው እንኳ አይችሉበትም። ሦስቴ ያጥፉትና አንዱን ጥግ ወደ ውስጥ ሸጉጠው ጫፉን ብቻ ብቅ ያደርጉታል፣ የድመት ጆሮ የምታህል። በመጨረሻ ቀና ብለው አዩኝ። ከጫማዬ ጀመሩ፤ ፊቴ ጋ ሳይደርሱ አቆሙ።

«በእግሯ የምትበላ ሴት፣ እግሯ ሲደክም ማንን ልትበላ ነው?» አሉ። ለኔ እንኳ አይደለም የተናገሩት፣ ለጨርቁ ነው።

ሰርጉ ሲፋጠን ደግሞ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ላኩብን እንጂ እሳቸው አልመጡም። ዳኛዋ ስትወለድም አልመጡም። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ነኝና ልጄ የሴትዮዋን ደጃፍ አትረግጥም ብዬ ማልኩ። ባሌ ሰምቶ ዝም አለ። ዝምታውን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት።

እንግዲህ ወደ ዓርብ እንምጣ። ውድድሩ ስለደረሰ ልምምዱ ቀላል ነበር፤ በጊዜ ገባሁ። ባሌ ዳኛዋን አስታቅፎኝ ዳቦ ሊገዛ ወረደ። ቦርሳዋን ከፍቼ ጡጦዎቹን ላጥብ ስል ታጥበው አገኘኋቸው። ይሄ ራሱ ጉድ ነው። ባሌ ጡጦ ያጥባል፣ አይካድም፤ ግን እሱ ያጠበው ጡጦ ላይ የግራሶ የጣት አሻራ አይጠፋም። እነዚህ ያበራሉ። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ጨርቁ ሦስቴ ታጥፏል፣ አንዱ ጥግ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል፣ ጫፏ ብቻ ብቅ ብላለች።

የድመት ጆሮ።

ዳኛዋን አንገቷ ስር አሸተትኳት። አዲስ ጨርቅ፣ አዲስ ጨርቅ ትላለች። ደሜ ፈላ። በዛች ቅጽበት ያላሰብኩት የለም። ልጄን ቀስ በቀስ ወደዛ ቤት እያስለመዷት ነው አልኩ። እሁድን ነው የሚጠብቁት አልኩ፤ ተሸንፌ ስመለስ «በቃ፣ እግሯ ደክሟል፤ ትቀመጥ» ሊሉኝ። ዳኛዋ ሹራቤን ይዛ ትስቃለች። እኔ እንባዬ መጣ።

ባሌ ዳቦውን ይዞ ሲገባ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጠበቅኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አየው። ፊቱ ሁሉን ነገር ያወጣል፤ መዋሸት ስለማይችል ነው ዝም የሚለው። «ጨርቅ» አለ።

«ማን ያጠፈው ጨርቅ?»

ዳቦውን አስቀመጠ። «ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ስትዳር?»

«ከእሁድ በኋላ። ሐሳብሽ እንዳይከፋፈል...»

«ሐሳቤን ተወው። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ልምምድ ከጀመርሽ ወዲህ» አለ፤ ከዛም ነገሩን ያቀለለ መስሎት «ሁልጊዜ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ነው» ብሎ ጨመረበት።

«እኔ መንገድ ላይ ሳንባዬ እስኪወጣ ስሮጥ አንተ ልጄን እንደ ጨርቅ ናሙና ይዘህ መደብር ለመደብር ትዞራለህ። እናትህ እኔን ፊቴን አይተው የማያውቁ ሴትዮ ናቸው። ከጫማዬ ጀምረው ሳይጨርሱኝ የተዉኝ ሴትዮ። ልጄ ግን ትጣፍጣለች፣ አይደል?»

«እሱን እናቴን ራሷን ጠይቂያት።»

«አልጠይቅም። የምትጠብቁት ገብቶኛል። እሁድ ልሸነፍላችሁ፣ ከዛ ሁላችሁም እፎይ ትላላችሁ።»

ያኔ ቀና አለ። እንዲህ ባለ ድምፅ አናግሮኝ አያውቅም። «እኔ አንቺን መጀመሪያ ያየሁሽ ስትሮጪ ነው። የወደድኩሽም ስትሮጪ ነው። ቆመሽ ያየሁሽማ ስንት ጊዜ ቆይቶ። አሁን እኔ ነኝ እንድታቆሚ የምፈልገው?»

ልቤ ቀለጠ፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ንዴቴ ግን ቀድሞኝ ሄዷል አላልኳችሁም? ሮጬ አልደረስኩበትም። በየውድድሩ ባሌ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ነው የሚቆመው። ሌላው ሰው የት እንዳለ አላውቅም፣ እሱ ግን እዛ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሲደክመኝ ለዛች ኩርባ ነው የምሮጠው። እሁድ ዳኛዋን ይዞ እዛው ሊቆም ቃል ገብቶልኝ ነበር።

«እሁድ ኩርባው ላይ እንዳትቆም» አልኩት። «ላይህ አልፈልግም።»

«እሺ» አለ። «አታይኝም።»

ምነው ያቺን እሺ ባልሰማኋት። ባሌ ስንት ዘመን ዘይት ቅባ ብዬው ነገ ሲለኝ የኖረ ሰው፣ የታዘዘኝ በዚህ ቀን ነው።

ቅዳሜን በዝምታ ዋልን። የኛ ቤት ዝምታ ማለት ሁለታችንም ለዳኛዋ ነው የምናወራው። «ለአባትሽ ንገሪው፣ ሳሙና አልቋል።» «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ከመታጠቢያው በላይ ሌላ አለ።» «አባትሽን ጠይቂልኝ፣ ካልሲዬን አይቷል ወይ?» «እናትሽ እግሯ ላይ ትይ።» ዳኛዋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች ለሃጯን ታዝረበርባለች። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እንፈነዳ ነበር። ካልሲዬን እግሬ ላይ ሳገኘው ሳቄ መጥቶ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ እሱም ከንፈሩን ነክሶ ወደ መስኮት ዞረ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

አመሻሹ ላይ የውድድር ጫማዬን ሳወጣ ማሰሪያው አዲስ ሆኖ አገኘሁት። አሮጌው ተበጣጥሶ ነበር፤ እቀይራለሁ እቀይራለሁ ስል ነው የሰነበትኩት። ማን እንደቀየረው አልጠየቅኩም። ጫማውን ታቅፌ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

እሁድ ጠዋት ዳኛዋን ጠግባ እስክትተኛ አጠባኋት። ባሌ ከክንዴ ላይ ተቀበለኝና፣ የተኛችውን ልጅ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ቀስ ብላ ትጀምር» አላት። «ለአባትሽ ንገሪው፣ አውቃለሁ» አልኩና ወጣሁ። ደረጃው ላይ ልመለስ ነበር። አልተመለስኩም።

መነሻው ላይ ሰው እንደ ጉድ ነው። ረጅሟ ከጎኔ ቆማ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። «አንቺ ምንም ስትይ ነው የምፈራው» አለች። ፊሽካው ተነፋ፣ ወጣን።

ቀስ ብዬ ጀመርኩ። የነገረኝ ሰው ስላናደደኝ እንጂ ምክሩ ትክክል ነበር። ሰፊውን መንገድ ይዘን ባንኮቹን አለፍን፣ የአውቶብስ መናኸሪያውን አለፍን። ከክለባችን ልጆች ሁለቱ ርቀው ሄደዋል፤ ረጅሟና ሌሎች ሁለት ከፊቴ ናቸው፤ እኔ ከኋላቸው። ስድስተኛ ማለት ነው፣ ማለትም ልጅሽን በደንብ አሳድጊ። እግሬ ደህና ነው፤ የከበደኝ ደረቴ ነው። ኩርባው ላይ ማንም እንደማይጠብቀኝ ሳስብ እርምጃዬ ያጥርብኛል።

ገበያው ጋ ስንደርስ አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ጫማዬ መሰለኝ። ሲጥ ሲጥ። ከተመልካቹ ጀርባ፣ ከእግረኛው መንገድ ወዲያ፣ ሲጥ ሲጥ። ዞር ብዬ አየሁ፤ የሰው ጭንቅላት ብቻ ነው የሚታየው። ፈጠን አልኩ፤ ድምፁም ፈጠነ። ቀስ አልኩ፤ እሱም ቀስ አለ። የቆሙ መኪናዎች ጀርባ ይጠፋል፣ ከዛፎቹ ኋላ ይመጣል። አንዴ የሰፈር ሴትዮ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ነገር ዘይት አትቀባውም?» ስትለው ሰማሁ።

አታይኝም አለ እንጂ አትሰሚኝም አላለም። እየሮጥኩ ሳቅኩ። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ላብ ነው ብዬ በእጄ ጀርባ ጠረግኩት፤ ከዛ በኋላ መንገዱ ቀለለኝ። ረጅሟ ላይ ደረስኩ፤ ሌሎቹ ሁለቱም ብዙ አልራቁም።

ከዛ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እሱ ብስክሌት ላይ ከሆነ ዳኛዋ ማን ጋ ናት?

መልሱን የሰጠኝ የመጨረሻው ኩርባ ነው። ባሌ ይቆምባት በነበረችው ቦታ ላይ፣ ምርጥ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የእጅ ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በሁለት እጃቸው የልጅ ጋሪ ይዘው አማቴ ቆመዋል። ጋሪው ውስጥ ዳኛዋ ትጮሃለች። እናቶች የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሌላ ጩኸት አይደለም፣ የራሷ ጩኸት ነው። ማሊያዬ ወዲያው ራሰ። እግሬ እኔን ሳይጠይቀኝ መንገዱን ለቆ ወደ ዳር ወሰደኝ፤ ረጅሟ አለፈችኝ። እጄን ዘርግቼ ወደ ጋሪው ሄድኩ።

አማቴ ጋሪውን ወደ ኋላቸው አደረጉና ፊቴ ቆሙ።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«እያለቀሰች ነው።»

«ጆሮ አለኝ፣ ሰምቻለሁ። ጥርሷ እየመጣ ነው፤ ከጥርስ የሞተ የለም።»

«ይስጡኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ...»

«አልሰጥሽም» አሉ። እና አዩኝ። ከጫማዬ አልጀመሩም፤ ቀጥታ ፊቴን ነው ያዩት። ዓይናቸው የባሌ ዓይን መሆኑን እስከዛች ቀን አላውቅም ነበር። «እኔ ይዣታለሁ። ሰማሽ? እኔ ይዣታለሁ። አንቺ እግርሽን አንሺ።»

ይሄ ሁሉ አንድ ትንፋሽ አይሞላም፤ አማቴ ከደንበኛ ጋር መከራከር ስለለመዱ ሲናገሩ ፈጣን ናቸው። እግሬን አነሳሁ። ደግሞ እሳቸው ቆመው የቀሩ እንዳይመስላችሁ፤ ከእግረኛው መንገድ ላይ ጋሪውን እየገፉ፣ በዛ ተረከዙ በቆመ ጫማ፣ አብረውኝ መሮጥ ጀመሩ። ሰዉን በጋሪው እየገፈተሩ «ዞር በሉ፣ ምራቴ ናት። ዞር በል አንተ፣ ምራቴ ናት እኮ» ይላሉ።

ምራቴ። ያንን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። በቀኜ ጋሪው ይንኳኳል፣ ዳኛዋ መሮጡ ጥሟት ዝም ብላለች። በግራዬ ከሰዉ ጀርባ ሲጥ ሲጥ አብዷል። ቤተሰቤ በሙሉ እየሮጠ እኔ ልቅር? ከፊቴ ከነበሩት አንዷን አለፍኳት። ሁለተኛዋን አለፍኳት። ረጅሟን ልደርስባት ጥቂት ሲቀረኝ መስመሩ መጣ። አራተኛ ሆኜ ገባሁ፤ እሷ ሦስተኛ። ተቃቅፈን አስፋልቱ ላይ ተዘረጋን።

አሰልጣኛችን መጥቶ ከላይ ቆመ። የረጠበ ማሊያዬን አየ፣ ሰማይ አየ። «ሰኞ እንዳታረፍጂ» አለና ሄደ። ረጅሟ «ይሄ ሰውዬ ዛሬ አበዛው፣ ንግግር አደረገልሽ እኮ» አለችኝ።

ከክለቡ ድንኳን ጀርባ ዳኛዋን ላጠባ ስል አላፊው ሁሉ ያየኛል ብዬ ስቸገር፣ አማቴ ከቦርሳቸው የታጠፈ ጨርቅ አወጡ። የድመት ጆሮዋ ብቅ ብላለች። ጆሮዋን ይዘው አንዴ አራገፉት፣ ተዘረጋ፤ ከትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው እኔንና ልጄን ሸፈኑን። ራሳቸው አንድ ሳጥን ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ተረከዛቸው ተልጧል።

«ጠጋኝ ቤቱ የሄድኩት ልቆጣው ነበር» አሉ፣ እኔን ሳያዩ። «መደብሩን ተረከበኝ ልለው። ስገባ ይቺ ልጅ የጎማ ሳጥን ውስጥ ተኝታለች። የኔ የልጅ ልጅ፣ በጎማ መሃል። አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ ጋሪዋ ውስጥ አስገብቼ ይዣት ወጣሁ። ለሚስትህ እንዳትነግራት፣ ከነገርካት ደጄን አልከፍትልህም አልኩት። ያንን ሁሉ ተናግሬሽ ምን ብዬ ፊትሽን አያለሁ?»

«መደብሩ ውስጥ የት ነው የምትተኛው?» አልኳቸው።

«መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ሐሩ መሃል። ደንበኛ ሲመጣ እስክትነቃ ትንሽ ቆዩ እላለሁ።»

ትንሽ ቆዩ። ሳቄ አመለጠኝ፤ ዳኛዋ ጡቴን ለቃ ቀና ብላ አየችኝ። አማቴ አልሳቁም። የተላጠውን ተረከዛቸውን አሻሹ።

«አባቷን የወለድኩ ጊዜ መደብሩ አንዲት ክፍል ነበረች። ብዘጋት እንራባለን። የሚይዝልኝ ሰው ስላልነበረኝ ለጎረቤት ሰጠሁት። መጀመሪያ የተራመደው እዛ ነው። ሰው ተልኮ መጥቶ ነገረኝ። ሜትር ይዤ ቆሜ ነበር፤ ጎሽ ብዬ ቆርጬ ሸጥኩ። ያን ቀን የቆረጥኩትን ጨርቅ ቀለሙን እስከዛሬ አውቀዋለሁ።» ከዛ ድምፃቸው ቀጠነ። «ኋላ እሱ ውሃ ይዞ ከጎንሽ ሲነዳ አየሁ። ቀናሁብሽ። ሌላ አይደለም፣ ቀናሁብሽ። ለኔ ውሃ የያዘልኝ አልነበረም።»

ጨርቁን ዳኛዋ ላይ አስተካከልኩ። «ይቺ ስትራመድ ማንም ሰው አይላክብዎትም። እዛው ቆመው ነው የሚያዩት» አልኳቸው።

አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ መሐረቡን ሦስቴ አጠፉት። ዓይናቸው ጫማዬ ላይ አረፈ። የድሮው አተያይ መሰለኝ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ማሰሪያሽ ግን አልተፈታም።»

«ልጅዎ ነው ያሰረልኝ» አልኩ።

ያኔ ከድንኳኑ ጀርባ ድምፅ መጣ። «ለእናትሽ ንገሪያት፣ መታየት ተፈቅዷል ወይስ ገና ነው?»

ዳኛዋ አፏ ሙሉ ስለሆነ መለስኩላት። «ለአባትሽ ንገሪው፣ ይቅርታ ልትጠይቀው የምትፈልግ ሴት አለች፣ ቶሎ ይምጣ።»

መጣ። ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ፀጉሩ ላይ የዛፍ ቅጠል አለ፣ ሱሪው አንድ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ ከገበያው አጥር ጋር ተጣልቶ ነው። ውሃዬን ይዟል። አላቀፈኝም፤ ፊቴ ቁጢጥ ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ሰጠኝ። ጠጣሁ። «አልሰማህም ነበር ዓርብ ዕለት» አልኩት። «ልሰማህ አልፈለግኩም።» «እኔም ዝም ማለት አልነበረብኝም» አለ። «ዝም ስል ሁሌ የምትሰሚው ሌላ ነገር ነው።» ግንባሩን ጉልበቴ ላይ ደገፍ አደረገ። አማቴ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ፤ ግን ብዙም አላዞሩትም።

ወደ ቤት ስንሄድ አማቴ ባዶ እግራቸውን ጋሪውን ይገፋሉ፣ ጫማቸው ዳኛዋ እግር ስር ተቀምጧል። እኔ ትከሻዬ ላይ ጨርቃቸውን ጣል አድርጌ ከጎናቸው አነክሳለሁ። ባሌ ብስክሌቱን እየሳበ ከኋላ ይመጣል፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። ዳኛዋ በድምፁ ዓይኗ ተከደነ። ከተወለደች ጀምሮ፣ ሆዴ ውስጥ ሆና ሳይቀር፣ ስትሰማው የኖረችው ነው ለካ።

«ዛሬ ግን ቃሌ ነው» አለ ባሌ ከኋላዬ። «እቤት እንደገባን ዘይት እቀባዋለሁ።»

ዞርኩ። መንገድ ላይ፣ በሰው ፊት፣ በእናቱ ፊት፣ ፊቱን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እንዳትነካው» አልኩት። «በሕይወት እስካለሁ ድረስ ያንን ሰንሰለት እንዳትነካብኝ።»